ለቅሶውን ያዘገየው መጽሐፍ

ትዕግሥት ሲታደል እኔ የት ሄጄ እንደነበር አላውቅም። ወጥ ሲንተከተክ ክዳኑን አሥር ጊዜ የምከፍት፣ ሰው ወሬ ሲጀምርልኝ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያልኩ የማሰለች፣ መጽሐፍ ስይዝ ደግሞ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ የማነብ ሴት ነኝ። እናቴ «ከሆዴም የወጣሽው በሰባት ወርሽ ነው፤ ምን ይደረግ!» ትላለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ችኩል ነው አንድ መጽሐፍ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያሠቃያት። ያውም ሲመጣ መጨረሻውን ቀድማ እንዳታይ አስምለዋት።

ነገሩ የሆነው መቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጥሎኝ ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ጋሼ ሸምሱ መጋዘን ቡና ለቃሚ ሆኜ ገባሁ። ሠላሳ የምንሆን ሴቶች ሲሚንቶው ላይ ጆንያ አንጥፈን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እንቀመጥና፣ ሰፌዳችንን ጭናችን ላይ አድርገን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበሳውን ፍሬ ስንለይ እንውላለን። ሥራው አይከብድም፤ ይሰለቻል እንጂ። እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የኔ ጭንቅላት ደግሞ ሥራ ካጣ ያብዳል፤ ስለዚህ ከሰፌዴ ሥር መጽሐፍ ደብቄ ማንበብ ጀመርኩ።

«አንቺ፣ ብቻሽን የምትስቂው ቡናው እያጫወተሽ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት እትዬ በላይነሽ። መጽሐፉን አወጣሁ። ጋሼ ሸምሱ ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ሴቶቹ ቀደሟቸውና «ምን ይላል? ለኛም ንገሪን!» አሉ።

አብዛኞቹ ከመቱ ዙሪያ ገጠር፣ ከሶር መንገድ የሚመጡ ናቸው። ለገበያ የሚሆን አማርኛ አላቸው፤ የመጽሐፍ አማርኛ ግን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ለራሴ አነብና፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ በኦሮምኛ እነግራቸው ጀመር። አንብቤ፣ ነግሬ፤ አንብቤ፣ ነግሬ። ሳነብ እጄ ሥራ ይፈታል፤ እነሱም ለቅመው ካጠሩት ቡና አንድ አንድ እፍኝ ሰፌዴ ላይ ጣል ያደርጉልኛል። ጋሼ ሸምሱ ለሁለት ቀን አጉረመረሙ። በሦስተኛው ቀን ወሬ ፍለጋ ከመጋዘን የሚወጣ ሰው እንደሌለ ሲያዩ እሳቸውም በር ላይ ወንበር አምጥተው ተቀመጡ።

መጽሐፉ «ጥላ የሌላት አገር» ይባላል። የተጻፈው ለልጆች ነው፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ። ናርዳ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትንሽ ወንድሟን ጥላ ሰብሳቢዎች ይወስዱባትና፣ እሱን ፍለጋ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ባለ በር አልፋ ጥላ ወደሌላት አገር ትገባለች። አምስት ክፍል አለው ተብሎ አራቱ ወጥቷል። እኔ አራቱንም ከመናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ ከሚያከራየው ከጀማል እየተከራየሁ አንብቤላቸዋለሁ። አራተኛው ሲያልቅ በሩ ናርዳ ላይ ተዘጋ። እሷ ውስጥ ቀረች፤ ጥላዋ ብቻ ከውጭ፣ ከሐይቁ ዳር ተኝቶ ቀረ። አለቀ! የሚቀጥለው በአምስተኛው። በዚያን ቀን የልጅ ልጅ ያዩ ሴትዮ ደራሲውን ሲረግሙ ሰማሁ።

ከሁሉም ግን ያ መጽሐፍ ያመማቸው ከግራዬ የሚቀመጡት አዴ ጫልቱ ነበሩ። አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የምንለው የአክብሮት ስም ነው። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ እጃቸው ከሁላችንም የፈጠነ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ሌሊሴ። ትምህርት ቤት ከኔ ሁለት ክፍል ትቀድም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አረብ አገር ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ላከች፤ ከዚያ ጠፋች። መጽሐፉን በማነብላቸው ዓመት በጋ ከዚያው ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት የጎሬ ልጅ «ሞታለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁም» የሚል ወሬ ይዛ መጣች።

የባላቸው ወንድም ኦቦ ቶለራ ሽማግሌ ይዘው ሦስት ጊዜ መጡ። ድንኳን ይተከል፣ ለቅሶ ይቀመጥ፣ እናት እርሟን ታውጣ ነው የሚሉት። እርም ያላወጣ ቤት ሠርግም አይደግስ፣ የሐዘን ቀንም አይቆጥር። አዴ ጫልቱ ሦስቱንም ጊዜ «ሬሳዋን አምጡልኝና አለቅሳለሁ» ብለው መለሷቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለሴቶቹ ስተርክ ከመጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር እጨምር ነበር። ደራሲው ስለ ናርዳ ጥርስ አንድ ቃል አልጻፈም። እኔ ግን አንድ ቀን «ናርዳ ሳቀች፤ ፍንጭቷ ታየ» አልኩ። ሌሊሴ ፍንጭት ነበረች። ያን ጊዜ የአዴ ጫልቱ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ ከዚያ በፊት ሲበራ አይቼው የማላውቀው ፊት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በማግስቱ ናርዳን ስትሄድ የምታንጎራጉር አደረግኳት፤ ሌሊሴም እንዲሁ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ቀሚሷን ቢጫ አደረግኩት። ምን ይጎዳል ብዬ ነው። ሰውን ማስደሰት እንደ ጨው መስሎኝ፣ ጣል ባደረግኩ ቁጥር የሚጣፍጥ።

ለአራተኛ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እትዬ በላይነሽ እዚያው አዴ ጫልቱ ቤት ነበሩ፤ ሁሉንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አዴ ጫልቱ ተነሥተው ቆሙና «ቀጠሮ ስጡኝ» አሉ።

«እስከ መቼ?» አሉ ኦቦ ቶለራ።

«አምስተኛው መጽሐፍ እስኪመጣ። ያቺ ልጅ ከወጣች ልጄም አለች፤ አላለቅስም። ካልወጣች እርሜን አወጣለሁ። ተሳልኩ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። «በተረት መጽሐፍ ላይ?» አለ። ኦቦ ቶለራ ግን አልሳቁም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ። ጀማል ሱቁ ላይ «አምስተኛው ክፍል ሐሙስ ይገባል» ብሎ ለጥፎ ስለነበር «እንግዲያው እሑድ እንመጣለን» ብለው ተነሡ።

ይህን ስሰማ ጥፋቴ ገባኝ። ሴትዮዋ የልጃቸውን ሞትና ሕይወት የሰቀሉት መጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ እኔ በቀጠልኩት ፍንጭት ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ረቡዕ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ መጋዘን ደረስኩ። አዴ ጫልቱ ግን ቀድመውኝ ተቀምጠው ነበር።

«አዴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…» ስል አቋረጡኝ።

«አንቺን አውቅሻለሁ፤ መጨረሻውን ቀድመሽ ታያለሽ። ይህን እንዳታዪ። እኔ ስሰማ ታዪዋለሽ። ማዪልኝ።»

«በአባቴ አጥንት» አልኩ። ልናገር የመጣሁትን ዋጥኩት።

ሐሙስ ከሥራ እንደወጣሁ መናኸሪያ ሮጥኩ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ጀማል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጆንያ ሲያገላብጥ እኔ ከታች «አገኘኸው? አገኘኸው?» እላለሁ። አልነበረም። «በነገው ነው» አለ። ዓርብ ከሰዓት አውቶቡሱ ራሱ አልመጣም። መናኸሪያው በር ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ ማለት ይቻላል። አቧራ በተነሣ ቁጥር ብድግ፤ አይሱዙ ይሆናል፣ ቁጭ። ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት «እጮኛሽ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። «ከሱ ይብሳል» አልኳት።

መጋዘንም ቢሆን ሥራ ቆሟል። ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። «ጥላዋ ዳር ላይ ካለ ሕይወቷ አለ ማለት ነው» ይላሉ አንዱ ወገን። «ጥላ ብቻውን ምን ያደርጋል!» ይላሉ ሌሎቹ። አዴ ጫልቱ ከማንም ጋር አልወገኑም። ይለቅማሉ። ግን ዓርብ ለት ጥሩውን ፍሬ ከመጣያው፣ ጥቁሩን ከጥሩው ሲያደርጉ አይቻለሁ። እኒያ ሴት በዘመናቸው አንድ ፍሬ ተሳስተው አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀማል መጋዘን ድረስ መጣ። አውቶቡሱ ያዩ ከተማ ላይ ባሌስትራ ሰብሮ ቆሟል። መለዋወጫው ከጅማ እስኪመጣ ሰኞ ይሆናል።

«ሰኞ?!» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

ሰፌዴን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ጋሼ ሸምሱ፣ ያዩ ልሂድ።»

«ሂጂ፣ ሂጂ!» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ዛሬ እዚህ የሚሠራ እጅ ያለ መስሎሽ ነው? በዚያውም ቶሎ ተመለሺ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ወደ በደሌ በሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ተሳፈርኩ። የዚያን ጊዜው መንገድ ጠጠር ነው። ሹፌሩ ሁሩሙ ላይ ቆሞ ሻይ ልጠጣ ሲል ልገድለው ምንም አልቀረኝም። «የታመመ ሰው አለሽ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸት አልመሰለኝም።

ያዩ ስደርስ አውቶቡሱ መንገድ ዳር ተጋድሟል። ሹፌሩ ከሥሩ ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ተሳፋሪዎቹ ግን ዛፍ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው መነጽር ያደረገ አስተማሪ የሚመስል ሰው ቆሟል። እጁ ላይ መጽሐፍ ይዟል። ሽፋኑን ከሩቅ አወቅኩት፤ ሐይቁ፣ በሩ፣ ከላዩ «ክፍል አምስት»።

ሰዎቹ ከትናንት ጀምሮ የሚሠሩት አጥተው የጀማልን ጥቅል ፈትተው ኖሯል! አስተማሪው ጮክ ብሎ እያነበበላቸው ያን ደቂቃ ነበር የጨረሰው።

«መጽሐፉ የኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም ምንም እንዳይነግረኝ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንድ ወፍራም ሰውዬ «ኧረ ምን ይነገራል እህቴ…» ብሎ ጀመረ። ሁለት ጆሮዬን ደፈንኩ። ጆሮ ይደፈናል፤ ዓይን ግን እንዴት ይደፈናል? አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ስትጠርግ አየሁ። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል። አንድ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

አስተማሪው መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይቅርታ አድርጊልን፤ ቀኑ አልመሽ ብሎን ነው» አለ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና ተወው።

ከበደሌ ወደ መቱ የሚመለስ ሌላ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ እጄን ከላዩ ጫንኩበት። ምያለሁ፤ በአባቴ አጥንት ምያለሁ። ያዩ ከዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ያቺ ሴትዮ ለምን አለቀሰች? ሰው ደስ ብሎትም ያለቅሳል እኮ! አንድ መታጠፊያ እንዳለፍን መሐላዬን ሰበርኩ።

ናርዳ ወንድሟን አገኘችው። በሩ ጋ ደረሱ። ነገር ግን በሩ ከውስጥ ሆኖ የሚይዘው ሰው ከሌለ ለማንም አይከፈትም። ወንድሟን ገፍታ አስወጣችው፤ በሩን ራሷ ያዘች። ዳር ላይ ተኝቶ የነበረው ጥላዋ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደማንኛውም ጥላ ጠፋ። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ጥላው አልተመለሰም። የመጨረሻው መስመር ያ ነበር።

አልቅሼ ሳበቃ ሁሩሙ ደርሰናል። ከሁሩሙ እስከ መቱ ያለውን መንገድ ውሸት ስሠራ መጣሁ። ይቅር በሉኝ፤ ግን በደንብ ነው የሠራሁት። በሩን ናርዳ ሳትሆን አንድ ሽማግሌ ጥላ ሰብሳቢ ተጸጽቶ ይይዘዋል። ናርዳ ወንድሟን በእጇ ይዛ ትወጣለች። ጥላዋ ከተኛበት ተነሥቶ እግሯ ሥር ይገባል። ከደራሲው ይሻላል አልኩ ለራሴ። ማን ያውቃል? መጽሐፉን ለጀማል ሳልመልስ ጥቂት ወር ብይዘው፣ በመሃሉ ሌሊሴ ራሷ ብትጽፍ፣ ብትደውል… የአንድ እናት ተስፋ ለማቆየት አንድ ውሸት ምን አላት!

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጋዘን ገባሁ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚሠራው፤ አንድም ሰው ግን አልሄደም። እንዲያውም በዝተዋል፤ የሁለት ሴቶች አማቾች ተጨምረዋል። ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ልጀምር ስል አዴ ጫልቱ «መጨረሻውን» አሉ።

«ኧረ መሃሉስ ጫልቱ!» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«መሃሉን ሰኞ ትነግረናለች። ነገ ሰው ይመጣብኛል።»

የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጬ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ተረኩ። እንዴት እንደተረኩ ብታዩ! በሩ ሲንቋቋ፣ ሽማግሌው ሲጸጸት፣ ናርዳ ስትወጣ። ጥላዋ እግሯ ሥር ሲገባ መጋዘኑ በእልልታ ተናጋ። እትዬ በላይነሽ ሰፌዳቸውን ወርውረው ተነሡ፤ ቡናው ተበተነ። ጋሼ ሸምሱ ስለ ቡናው አልተቆጡም። ቀና ብዬ አዴ ጫልቱን አየሁ።

እየለቀሙ ነው። ሲለቅሙ ቆዩና ጫጫታው ሲበርድ፣ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ «ዛሬ ዝም አላልሽም» አሉኝ።

«ምን አሉ አዴ?»

«ስታነቢ ዝም ትያለሽ። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ትነግሪናለሽ። ዛሬ ዓይንሽን ወረቀቱ ላይ አደረግሽ እንጂ ከንፈርሽ አልተንቀሳቀሰም። ከሆድሽ ነው ያወራሽው።»

መጽሐፉን ከደንኩት።

«ፍንጭቷን ስትነግሪኝም ዝም አላልሽም ነበር» አሉ በዝግታ። «ማንጎራጎሯንም፣ ቢጫ ቀሚሷንም። ያ ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ስጦታ ነው፣ ተቀብዬሻለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ። የተሳልኩት ግን በመጽሐፉ ነው። ባንቺማ ብሳል ምን አለፋኝ? አንቺ እኮ ታወጫታለሽ።»

«ተዪ እንጂ ጫልቱ! ወጣች አለችሽ እኮ!» አሉ እትዬ በላይነሽ ሊያለቅሱ እየቃጣቸው።

አዴ ጫልቱ አልመለሱላቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፌዳቸውን መሬት አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ዱቢሲ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። አንብቢ ልጄ ማለታቸው ነው።

አነበብኩ። ዝም እያልኩ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ገጽ በገጽ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ነገርኳቸው። ጥላው ጠፋ፤ ጥላው አልተመለሰም፤ አበቃሁ።

«አልወጣችም» አሉ።

«አልወጣችም አዴ።»

«ወንድሟስ? እናቱ ጋ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ደግ» አሉ። ሰፌዳቸው ላይ የቀረውን ቡና ጆንያው ውስጥ መለሱ። ሻሻቸውን ፈትተው አቧራውን አራገፉና መልሰው አሰሩ። ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱ፤ ጋሼ ሸምሱ ወንበራቸውን አንሥተው መንገድ ለቀቁላቸው። እኔ ኡኡ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ በላይነሽ ክንዴን ይዘው አነሡኝ። «አንቺ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው! ተነሺ፤ ነገ ድንኳን አለ፤ ውኃ የሚቀዳ ሰው ይፈለጋል» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ድንኳኑ ተተከለ። አዴ ጫልቱ አራት ዓመት የያዙትን እንባ በአንድ ቀን አፈሰሱት። የሌሊሴን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ እየተነሡ እየወደቁ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ደግሞ በልተው ተኙ። ከስንት ጊዜ በኋላ እህል እንደቀመሱና እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ጎረቤቶቻቸው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ኦቦ ቶለራ ከቤቱ ጓሮ ብቻቸውን ሄደው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቁ ያየኋቸው እኔ ነኝ። እኔ ግን ውኃ እየቀዳሁም፣ ሰሐን እያጠብኩም አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አለኝ። ብትመጣስ? አንድ ቀን ያቺ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ብትወርድ፣ በቁሟ የተለቀሰላት በማን የተነሣ ነው?

አንባቢዎቼ፣ ያ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተወኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አንዳንዴ ማታለሉን ጠበቅ አድርጌ መያዝ ነበረብኝ እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አዴ ጫልቱ ባይነቁብኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስኳር እያላስኩ የምኖር ቀላማጅ እሆን ነበር እላለሁ። ቁርጡን ግን አላውቅም።

የማውቀው ሥራዬ ከዚያ ቀን መምጣቱን ነው። እንደገና ተፈትኜ አለፍኩ፤ ዛሬ በዚሁ በአገራችን ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ ነኝ። መቱም፣ ጎሬም፣ ሲጠሩኝ በደሌም እሄዳለሁ። ኦሮምኛ የማይችል ነጋዴ ሲከሰስ፣ አማርኛ የማይገባው ገበሬ ሲመሰክር መሃላቸው እቆማለሁ። ስንት ጊዜ አንድ የዳሪሙ ገበሬ ራሱን የሚያስቀጣ ቃል በየዋህነት ተናግሮ ዓይን ዓይኔን ያየኛል! ምላሴን ይበላኛል። ትንሽ ባለሰልሰው፣ አንዲት ቃል ባስገባለት… ያን ጊዜ ሰው እንደሚያየኝ ትዝ ይለኛል። የምናገረው ቋንቋ ባይገባው እንኳ ከንፈሬን የሚያይ ሰው አለ። የተባለውን እናገራለሁ፤ ወጥቼ ደግሞ ከግቢው ዛፍ ሥር እንቆራጠጣለሁ።

ከለቅሶው ወር ሳይሞላ አዴ ጫልቱ አንድ ከሰዓት እቤታችን መጡ። በማዳበሪያ ላስቲክ ጠቅልለው አዲስ ደብተር ይዘዋል።

«ሌሊሴን ጻፊልኝ» አሉኝ።

«ምኗን አዴ?»

«ሁሉን። የዚያችን ልጅ አምስት መጽሐፍ ጻፉላት፤ የኔዋ ይህ አይበቃትም?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስንወጣ ተቀምጠን ጻፍን፤ በራሷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ። ምጡ እንዴት ሦስት ቀን እንደፈጀ። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀ ቀን በጣሪያው ላይ ስትወረውር ዶሮ እንደመታች። አባቷ ሲሞት አራት ቀን አልናገር እንዳለች። እኔ የማላውቀው፣ ልፈጥረው የማልችለው ነገር ሁሉ። አንዴ «ምን ዓይነት ዶሮ?» ብዬ ብጠይቅ «እሱን ረስቻለሁ፤ ዶሮ በዪ» አሉኝ። ካሴቶቹ ላይ ያለውንም ቃል በቃል ጻፍን። ከዚያ በኋላ የሚነገር አጡ። እኔም ችኩሏ አላስችል አለኝ።

«መጨረሻው ላይ ምን ልበል አዴ?»

«ምን ትያለሽ?»

«ያው… እንዴት እንደሞተች።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አሉ። «ለቅሶ የተቀመጥኩት ስለደከመኝ ነው፣ ልጄ። ያላየነውን እንዳትጽፊ።»